የቀጭኔ የክርስትና ስም

ያቺን ኮረብታ ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ ጀርመን አገር አገኘኋት። ከአውቶቡስ ስወርድ ፊት ለፊቴ ቆማለች፤ ግራ ትከሻዋ ዘመም ያለ፣ አናቷ ጠፍጣፋ። የእነርሱ ላይ ቤተ ክርስቲያን ተሠርቷል፤ የእኛ ላይ የጠላት መትረየስ ነበር። ቁርጥ በጦርነቱ ጊዜ የወጣናትን ትመስላለች።

የያኔው ጓድ መሪያችን ተስፋዬ እዚያ መንደር ትራክተር ይጠግናል። መንደሯ ከማነሷ የተነሳ እኔና ሻንጣዬ ስንገባ የሕዝቡ ቁጥር በእጥፍ ጨመረ። ሂትሮው አየር ማረፊያ ካለው ሥራዬ የዓመት ፈቃድ፣ ሆሊዴይ፣ ቡክ አድርጌ የሄድኩት ግን ላም ልቆጥር አልነበረም። ለንደን የምንሳለምበት ቤተ ክርስቲያን ለሞቱት ጓዶቻችን ፍትሐት ላስደርግ ብዬ ቄሱን ጠይቄ ነበር።

«የክርስትና ስማቸውን ይዘህ ና» አሉኝ።

የለኝም። ለጓዱ ሁሉ ቅጽል ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ። ስሞቼ ከመጣፈጣቸው የተነሳ አዛዡ እንኳ በእነርሱ ነበር የሚጠራን። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከእኔ ጋር ሳምንት ያቆየ ወታደር አልነበረም።

«ተስፍሽ፣ ስማቸውን ስጠኝና ልሂድ» አልኩት።

«አንተ ደግሞ! መጀመሪያ መንደሬን እይ።»

አሳየኝ። ጥንት ዳኛ ሥሩ ይቀመጥበት የነበረ ግዙፍ ዛፍ አለ። መንደርተኛው በየተራ ዳቦ ይጋግርበት የነበረ የድንጋይ ቤት አለ። ደወሉ ለመድፍ መሥሪያ ተወስዶ የቀለጠበት ማማ አለ። መጨረሻ ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሥር አንድ ድንጋይ ዘንድ አደረሰኝ። በሁለቱ ታላላቅ ጦርነቶች የሞቱት የመንደሩ ልጆች ስም፣ ከነአባታቸው፣ ተቀርጾበታል። ጎረቤቱ ወይዘሮ ሂልዳ፣ የዘጠና ዓመት አሮጊት፣ አበባ ያጠጣሉ።

«ይሄ ወንድሜ ነው፤ ይሄ የጫማ ሰፊው ልጅ ነው» አሉ በጣታቸው እየነኩ። ተስፋዬ ያስተረጉማል። ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ።

«የእናንተስ የት ተጽፏል?»

ይህንንም አስተረጎመልኝ።

የእኛን ኮረብታ የወጣንበት ቀን እንዲህ ነበር። ትእዛዙ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጣ። ኮረብታዋን መያዝ። አሥር ነበርን። ድንጋይ እንጂ ዛፍ የለም። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ መድፍ መጣ። ተኛን። ሁለቱ አልተነሱም። ሁለት ሰዓት ላይ ወገቧ ደረስን፤ እዚያ ከእኛ ሦስት ሞቱ። አንድ ጎድጓዳ ውስጥ ገባን። ከጎኔ ከሁለት ቀን በፊት የተመደበልን ረጅም ልጅ ነበር። ሲመጣ ስሙን ሊነግረን አፉን ሲከፍት «ይሄማ ቀጭኔ ነው!» ብዬ ሁሉን አሳቅሁ። በዚያው ቀጭኔ ሆነ።

ፈርቶ ነበር። ላደፋፍረው ፈለግሁ።

«ቀጭኔ፣ አንገትህን ለሌላ ቀን አጣጥፈህ አስቀምጣት!» አልኩት።

ሳቀ። ሲስቅ ቀና አለ።

ኮረብታዋን አራት ሰዓት ላይ ያዝን።

ይህንን ለተስፋዬ ነግሬው አላውቅም ነበር። እዚያ ድንጋይ አጠገብ ነገርኩት። ከዚያ ከኪስ ቦርሳው የታጠፈች ወረቀት አወጣ። በየዓመቱ ብቻውን ጸሎት የሚያደርስባት ናት። አምስት የክርስትና ስም አለባት።

«የቀጭኔስ?»

«የእርሱን እንደ ሌሎቹ ጠይቄ ማስታወሻዬ ላይ ሳላሰፍረው ነው ወደ ግንባር የወጣነው» አለ። «ኋላም ጠየቅሁ፤ የሚያውቀው አላገኘሁም። አንተ ታውቅ ይሆናል ብዬ ይኸው እስከ ዛሬ ስጠብቅህ ነበር።»

ለካ መንደሩን የሚያዞረኝ እኔም እንደማላውቀው ላለመስማት ነበር።

ለንደን ተመልሼ ወረቀቷን ለቄሱ ሰጠኋቸው።

«ስድስት አላልክም ነበር?»

«ስድስተኛው አንገቱ ላይ ማተብ ነበረው፣ አባ። ከዚያ በላይ አላውቅም።»

«ስሙ እንዴት ይጠፋሃል? ጓደኛህ አልነበረም?»

ቄሱ ፊቴን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንግዲህ ስሙን እግዚአብሔር የሚያውቀው ብዬ አነሳዋለሁ» አሉኝ። እንዳሉትም አደረጉ።

አሥር ወጣን፤ አራት ወረድን። ከስድስቱ አምስቱ በስማቸው ተጠሩ። የቀጭኔ እናት በሕይወት ካለች፣ እኔ ሰምቼው የማላውቀውን ስም እየጠራች ታለቅስ ይሆናል።