ደብተር ያረዳው ሞት

ቢቸና አስተማሪ ነኝ። ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት፣ ቴሌግራም ላይ በተከታታይ እለጥፈው የነበረውን የጀግና ታሪክ በደብተር መጻፍ ጀመርኩ። ጥላ የሚበላ ሠራዊት፣ የሚናገር ገደልና የነሐስ ጋሻ የያዘ ጀግና ያለበት ረጅም ልብ ወለድ ነው። አንድ ምዕራፍ ባለቀ ቁጥር ደብተሩን በሚኒባስ ሾፌር እጅ ሞጣ እልካለሁ። እዚያ ጨርቅ የምትነግድ አንባቢዬ ተቀብላ፣ ሱቋ ውስጥ ለሚሰበሰቡት ጮክ ብላ ታነብላቸዋለች። ደብተሩ ዳርና ዳሩ በአስተያየት ተሞልቶ ይመለስልኛል። «ጀግናው ፈሪ ሆነብን»፣ «ንግሥቲቱን እንዳትድራት» ይሉኛል። ያበሽቁኝ ነበር፤ ያለ እነሱ ግን አንድ መስመር አልጽፍም ነበር።

ከሁሉም አብዝቶ የሚጽፈው አንድ ወጣት ነበር። እሱ ግራ እጁን ስለሚጠቀም ጀግናውም ሰይፉን በግራው ይያዝ አለኝ፤ አስያዝኩት። ከውጊያ በፊት ሽምብራ ቆሎ ይቆርጥም አለ፤ አስቆረጠምኩት። ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ይኑረው አለ፤ ያንንም ጨመርኩ። ሞጣ መናኸሪያ አንድ ቀን በአካል ስንገናኝ ጠባሳውን የራሱ ቅንድብ ላይ አይቼ ሳቅሁ።

ከዚያ ጽሑፉ ከደብተሩ ጠፋ። ሰለቸሁት ብዬ ተቀየምኩ። ሥራ ፍለጋ ወጥቶ ስልኩ እንደጠፋና ወሬው እንዳልተሰማ አላወቅሁም። አልዋሽም፣ ጀግናውን የገደልኩት በቅያሜም ጭምር ነው። ጓዶቹ በሚናገረው ገደል አፋፍ ላይ ቀበሩት ብዬ ምዕራፉን ላክሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ነጋዴዋ ደወለች።

«መምህር፣ የልጁ እናት ጥቁር ለበሱ። ሳነብ በር ላይ ቆመው ሰምተው ኖሯል። ግራ እጁን፣ ሽምብራውን፣ ጠባሳውን ሲሰሙ መርዶ ነው አሉ። ልብ ወለድ ነው ብላቸው አልሰማ አሉኝ። ይምጡና እርስዎ ይንገሯቸው።»

በእኛ አገር መርዶ በቀጥታ አይነገርም። የሚያረዳው ሽማግሌ ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ ነው ነገሩ ላይ የሚደርሰው። እናቲቱም የእኔን ምዕራፍ የሰሙት እንደዚያ ነው።

በማግስቱ ሞጣ ሄድኩ። እናቲቱን ጸጉራቸውን ተላጭተው መሬት ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«እናቴ፣ ስለ ልጅዎ የማውቀው ነገር የለም። የጻፍኩት ፈጠራ ነው» አልኳቸው።

«እንደሱ ነው የሚባለው» አሉኝ ቀስ ብለው። «እኅቴን የባሏን ሞት ሊያረዷት የመጡትም መጀመሪያ ምንም አናውቅም ነው ያሉት።»

በማርያም ማልኩ። በማልኩ ቁጥር እሳቸው ይበልጥ አመኑ። ጭራሽ እኔን ያጽናኑኝ ጀመር፤ «አንተ ምን ታደርግ ልጄ፣ ተልከህ ነው» እያሉ። ከዚያ እጄን ያዙኝ።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርገው ነው የቀበሩት?»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የእኔ አፍ ግን አላመለጠኝም፤ አውቄው ነው።

«አዎ» አልኩ። «ወደ ምሥራቅ ነው።»

እጄን ለቀቁኝና ጋደም አሉ። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ነጋዴዋ ልጁ ከጠፋ ወዲህ ቀን ላይ ሲተኙ አይታቸው እንደማታውቅ ነገረችኝ። እውነቱን ልንገራቸው ብዬ ቀስቅሼ ወደዚያ ጭንቀት አልመለስኳቸውም።

በሳምንቱ ፍትሐት ተደረገለት፤ ስሙም ከሙታን ጋር ተጠራ። እኔ አልሄድኩም። መጽሐፉንም አልቀጠልኩም። አንባቢዎቼ ጀግናው ተነሥቶ ይምጣ እያሉ ይወተውቱኛል፤ እኔ ግን ስለ መነሣት ማሰብ ያስፈራኛል። ልጁ ሞቷል የሚል ማስረጃ እስከ ዛሬ ማንም አላመጣም። በሰላም እንዲመለስ እጸልያለሁ። ግን ቢመለስ «ማን ነው ሞተ ያለሽ?» ብሎ እናቱን መጠየቁ አይቀርም፤ እሳቸውም እኔን ይጠራሉ። ባይመጣ ብዬ የተመኘሁባቸው ቀናት አሉ።