ፎቶ ያደረግኋቸው ገጾች

ቀናተኛ ነኝ። ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ ራሴ ብናገረው ይሻላል ብዬ ነው። በልጅነቴ፣ ለታናሽ እህቴ ለፋሲካ የተገዛላት ጫማ ከኔው የበለጠ አበራ ብዬ ውሃ ባልዲ ውስጥ የነከርኩ ሰው ነኝ። እናቴ ስታድግ ይተዋታል ትል ነበር። አልተወኝም። ናይሮቢ ድረስ ተከትሎኝ መጣና ኪሊማኒ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል፣ አብሮኝ ሥራ ገባ።

የምግብ ቤቱን ባለቤት ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ወጥና ወሬ አይነጣጠሉም የሚሉ ሰው ስለነበሩ ናይሮቢ ላለው ሐበሻ ብለው አንድ ድረ ገጽ አቋቁመዋል። ማን ወለደ፣ ማን ሞተ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ለማሳደስ በየትኛው መስኮት ይኬዳል፣ እሑድ እሑድ ደግሞ የሚነበብ ወግ። ጽሑፍ የሚያመጡ ሰዎች ብዙ ነበሩ። ገጽ ሠርቼ የማወጣው ግን እኔ ብቻ ነኝ። አዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ታይፒስት ነበርኩ፤ ጣቶቼ ከአፌ ይፈጥናሉ።

አንድ ጽሑፍ ገጽ ላይ እስኪወጣ ያለውን ልፋት አንባቢ አያውቀውም። የሚሞላ ቅጽ አለ፤ ለርዕሱ አንድ ሳጥን፣ ለጸሐፊው ስም አንድ ሳጥን፣ ለዋናው ጽሑፍ ትልቁ። ችግሩ፣ በዚያን ጊዜ አብዛኛው ኮምፒውተር አማርኛ አያውቅም ነበር። የለፋሁበት ጽሑፍ ሳይበር ካፌ ሲከፈት ባዶ አራት ማዕዘን ብቻ ሆኖ ይደረደራል። ስለዚህ ጽሑፉን በአማርኛ እተይብና ስክሪኑን ልክ እንደ ፎቶ አነሳዋለሁ፤ ፎቶው ቶሎ እንዲከፈት ሦስት ቦታ እቆርጠዋለሁ፤ ከዚያ ቁርጥራጮቹን ከላይ እስከ ታች ገጣጥሜ እሰቅላለሁ። መገጣጠሚያው እንዳይታይ መስመር ከመስመር ማስተካከል የኔ ጥበብ ነበር። ጋሼ ለእንግዳ ሲያስተዋውቁኝ «ማተሚያ ቤቴ ናት» ይሉ ነበር። በዚያ ስም እኖር ነበር ብል ውሸት አይደለም።

እጽፍም ነበር። በወንድ የብዕር ስም፣ ስድብ ከመጣ ለሌላ ሰው እንዲሆን ብዬ። ስለ ናይሮቢ ዝናብ፣ ስለ ማታቱ ታክሲ ረዳቶች፣ ስለ ብቸኝነት። ማንም አስተያየት አይሰጥም። አንድ ጊዜ ብቻ «በርቺ» የሚል ኮሜንት መጣልኝና ቀኑን ሙሉ በደስታ ስበር ዋልኩ። ወደ ቤት ስሄድ ነው የነቃሁት። «በርቺ» ያለኝ ሰው ሴት መሆኔን ያውቃል፤ ሴት መሆኔን የሚያውቁት ደግሞ ጋሼ ብቻ ናቸው።

የኛ ሚሊኒየም በተከበረ በዓመቱ፣ ጥቅምት ላይ፣ እሷ መጣች። ሩንዳ በሚባለው የናይሮቢ የሀብታም ሰፈር ውስጥ፣ ሁለቱም ዓለም አቀፍ ድርጅት የሚሠሩ ባልና ሚስት ሐበሾች ቤት ልጆች ትጠብቃለች፤ አዳሯም እዚያው ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነጠላዋን እንኳ ሳታወርድ መጥታ ከቦርሳዋ ፍላሽ አወጣች።

«ይቅርታ እትዬ፣ ጽሑፍ የሚቀበሉት እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

በዕድሜ ብትበልጠኝ እንጂ አታንሰኝም። አንቱ ስላለችኝ ገና አንድ መስመር ሳላነብላት ጠላኋት።

ጽሑፏ ስለ መንደሯ ወፍጮ ቤት ነበር። ተራ የሚጠብቁ ሴቶች፣ ሽፋሽፍቱ ዱቄት የለበሰ ባለ ወፍጮ፣ ሞተሩ ድንገት ሲቆም እርቃኑን የሚቀር ሐሜት። ሌላ ምንም የለውም። አንብቤ ስጨርስ እርር ድብን አልኩ፤ ከውስጡ ይውጣ የሚባል አንድ ቃል አጣሁበት።

ጋሼ በወረቀት አሳትመው ምሳ ሰዓት ላይ ለደንበኛው ጮክ ብለው አነበቡት። አስተናጋጁ ትሪ እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ኮሜንቱ ሃያ ሦስት ደረሰ። እሷም ወንዙን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ የገበያውን ዋርካ እያለች በየእሑዱ ቀጠለች፤ ሁሉንም በየስሙ ትጠራዋለች። ጋሼ ትራስ ያላትን ብቸኛ ወንበር ለሷ አደረጓት። ፎቶዋ ከስሟ ጎን ይውጣ ብለው ሲያዙኝ ፎቶውን ሳስተካክል ግራ ጆሮዋን ትንሽ ቆረጥኩት፤ ማንም አላስተዋለም። ቀስ በቀስ «ማተሚያ ቤቴ» ማለታቸውን ትተው «ጸሐፊያችን መጣች ወይ?» ማለት ጀመሩ። አንድ ቀን እጃቸውን ዘርግተው «ምቀኛ አያሳጣሽ» ብለው መረቋት። ጮክ ብዬ አሜን ያልኩት እኔ ነኝ። ምርቃቱ እዚያው በዚያው ደርሷል።

የሷ ጽሑፍ እንደ ሌላው ሰው በእጅ ተጽፎ አይመጣም ነበር። አሠሪዎቿ በሰጧት ኮምፒውተር ላይ፣ በአዲሱ የአማርኛ መጻፊያ ተተይቦ ነው የሚመጣው። ቀድቶ መለጠፍ ብቻ ነው፤ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ያኔ ደግሞ አዳዲሶቹ ኮምፒውተሮች አማርኛ ማንበብ ጀምረዋል፤ ሐበሻ የሚያዘወትራቸው ሳይበር ካፌዎችማ መጻፊያውንም አስገብተዋል። በፊደል የወጣ ጽሑፍ ምን ጥቅም እንዳለው አውቃለሁ። አንድ ሰው ከውስጡ አንዲት ቃል ኢንተርኔት ላይ ጽፎ ቢፈልግ ያገኘዋል። ፎቶ የሆነ ጽሑፍ ግን ለማሽኑ ፎቶ ነው፤ ወንዝ ይባልበት ወፍጮ፣ አያነበውም። የራሴን ጽሑፎች በፊደል ማውጣት ከጀመርኩ ሰንብቼ ነበር፤ እየፈለግሁ ሳገኛቸው ደስ ይለኛል። የሷን ግን ፎቶ አደረግኋቸው። ርዕሷን እንኳ ፎቶው ውስጥ ከትቼ፣ በርዕሱ ሳጥን «የእሑድ ወግ» ከሚለው ቀጥሎ ቁጥር ብቻ እጽፍ ነበር።

አንድ ጊዜ ጠይቃኛለች።

«እትዬ፣ እንዳለ በፊደሉ ቢወጣ አይሻልም?»

«ባዶ ሳጥን ሆኖ ይመጣባቸዋል። ለአንባቢ ማሰብ ነው» አልኳት፣ ከአንገት በላይ ፈገግ ብዬ።

«እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ» አለችና ተወችው።

አውቅ ነበር። የኛው ቤተኞች ያነቧታል፤ ከነሱ ውጭ ያለ ሰው ግን አያገኛትም። ጋሼ በሷ ጽሑፍ እንባ ባቀረሩ ቁጥር ይህን እያሰብኩ እጽናና ነበር።

ግንቦት ላይ፣ በአዘቦት ቀን፣ ዝናብ እየወረደ መጣች። ጫማዋ ውሃ ይተፋል። «ፖሌ፣ ይቅርታ እትዬ፣ ወለልዎን አበላሸሁት» አለችና በሩ ላይ ቆመች። አሠሪዋን ሁለት ሰዓት አስፈቅዳ ነው የመጣችው።

«እትዬ፣ የወፍጮ ቤታችንን ስም ጽፌ ስፈልግ የኔ ጽሑፍ አይመጣም። የወንዙንም ሞከርኩ። ምን ይሆን?»

«ያንን ወንዝ ደግሞ ማን ብሎ ይፈልገዋል?» አልኳት።

«ወንድሜ» አለች።

ታናሿ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት በሞያሌ በኩል ወጥቶ ድምፁ ጠፋ። እሷም ናይሮቢ የመጣችው እሱን ፍለጋ ነው፤ የሚጠየቅ ሰው ሁሉ ጠይቃ ጨርሳለች። «ሰው አገሩ ሲናፍቀው የመንደሩን ስም ይጽፋል» አለችኝ። «እኔ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲውሉ ሁልጊዜ እጽፋለሁ። ምንም አይመጣም። የኛን መንደር ጽፎት የሚያውቅ ሰው የለማ። እኔ ከጻፍኩት፣ አንድ ቀን እሱም ሲጽፍ እኔ ጋ ይመጣል ብዬ ነው። አለዚያማ እትዬ፣ እኔ ምን ጸሐፊ ነኝ?»

በመጀመሪያ የተሰማኝን ብነግራችሁ ታፍሩብኛላችሁ። ቅናት ነው። ሰባት ወር ሙሉ ያንገበገበኝን ነገር እሷ ጭራሽ አልፈለገችውም። ጸሐፊ መባልን መንገድ ላይ ወድቆ ብታገኘው ተሻግራው ትሄዳለች። ያለችው ነገር የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ ሲገባኝ ፊቷን ማየት አቃተኝ።

«ሲስተሙ ነው፣ አስተካክለዋለሁ» አልኳት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

እንደወጣች ከፍላሿ የገለበጥኳቸውን ጽሑፎች ከፈትኩ። ሃያ ስምንት ናቸው። ፎቶውን መሰረዝ፣ ፊደሉን መለጠፍ፣ ርዕሱን ከነመንደሩ ስም በሳጥኑ መጻፍ። ጋሼ ሻይ ይዘውልኝ ገቡና «ዛሬ ምን ያጣድፍሻል?» አሉኝ። የተወዘፈ ሥራ ነው አልኳቸው። ሰባት ወር የደበቅሁት ነገር አንድ ሰዓት ሳይሞላ ተገለጠ።

በሦስተኛው ሳምንት በወፍጮ ቤቱ ገጽ ሥር አንድ ኮሜንት ገባ። ኮሜንት እኔ ካላሳለፍኩት አይታይም ነበርና መጀመሪያ ያነበብኩት እኔ ነኝ። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው፤ ጸሐፊው ናኩሩ ከተማ የሚኖር ያገሯ ልጅ ነው። የወፍጮ ቤቱን ስም በአማርኛ ፊደል እየለቀመ ቢጽፍ ይህን ገጽ እንዳገኘ ነግሯት እንዲህ ይላል፦ «ወንድምሽና እኔ እዚያው ናይሮቢ፣ ኢስሊ አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር። ፋሲካን ውሎ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ፣ ደህና ነው። ስልኩን በገጹ ኢሜይል እልክልሻለሁ። ሳይበር በገባን ቁጥር የመንደራችንን ስም ይጽፍ ነበር። ምንም አይመጣም እያለ ይስቃል።»

ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ ነው። ወፍጮ ቤቱን የሰቀልኩት ጥቅምት። በመሃል ያሉትን ወሮች ወንድሟ ከሩንዳ በሁለት ማታቱ የሚደረስበት ቦታ ተቀምጦ ስም ሲጽፍ ኖሯል። ጣቴ መሰረዣው ላይ ሄደ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ማስቀረት እችል ነበር፤ የተቆረጠበት እንዳይታይ ማድረግ ሙያዬ ነው። ብዙ ቆየሁ። ከዚያ እንዳለ አሳለፍኩትና ደወልኩላት።

ወንድሟ ጋ የደወለችው ከጋሼ ጠረጴዛ ነው። «አለህ?» አለችው። ስልኩን ስትዘጋ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«አንቺ ባታስተካክዪው ኖሮ» አለችኝ። አንቺ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው። ወሮቹን ቆጥራ ይሆን አላውቅም፤ ልጠይቃትም አልደፈርኩም።

በቀጣዩ እሑድ ያመጣችው ጽሑፍ ስለኔ ነበር። ርዕሱ ላይ ስሜ አለ፤ የብዕሩ ሳይሆን እናቴ ያወጣችልኝ። ሌት ተቀን ለሰው ጽሑፍ ስትለፋ ስሟ የማይነሳ፣ የጠፋ ወንድም ያስገኘች እህት ትለኛለች። ጋሼ ምሳ ሰዓት ላይ አነበቡት። ደንበኛው አጨበጨበ፤ አስተናጋጁ አሁንም ትሪ እንደያዘ ቆሟል። «ማተሚያ ቤቴ» አሉ ጋሼ ወደኔ እያዩ። ስንት ዓመት የጠበቅሁት ቀን ነበር፤ እኔ ግን ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ያሉትን ወሮች በጣቴ እቆጥር ነበር።

ፍላሿን እጄ ላይ አስቀመጠችና «ይሄንንም በፊደሉ አውጪው» አለችኝ። «ስምሽን የጻፈ ሁሉ ያግኝሽ።»

እሺ አልኳት። ክፍሌ ገብቼ ጽሑፉን ከፈትኩት። ፎቶ አነሳሁት፣ ሦስት ቦታ ቆረጥኩት፣ መስመር ከመስመር አስተካክዬ ሰቀልኩት። በርዕሱ ሳጥን «የእሑድ ወግ» ብዬ ቁጥሩን ጻፍኩ። ዛሬም አንዳንድ ቀን ኢንተርኔት ላይ ስሜን እጽፋለሁ። ምንም አይመጣም።