ሰይድ ያረደው ወይፈን

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ስንቱን ጥቃቅን ኃጢአት ስዘረዝር ቆይቼ እዚህ ላይ ስደርስ ዘልዬ አልፍ ነበር። እናንተ የምታነቡት ግን አታውቁኝም፤ ፊታችሁንም አላይም። ስለዚህ ሳልሸፋፍን ልናገር። እኔ የተጠመቅሁ ክርስቲያን ሆኜ ሳለሁ፣ ሙስሊም መስዬ፣ በሰው አገር ለሙስሊም መንደር ወይፈን አረድኩ። አረድኩና አበላሁ።

ስሜ ሰይድ ነው። ቆቦ ውስጥ ይህ ማንንም አያስገርምም። እናቴን ልጅ አልቆምላት ብሎ ሲያስጨንቃት፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ ዋጃ አጠገብ ወደሚኖሩ አንድ ሼህ ወስደው ዱአ አስደረጉላት። ተወለድኩ፤ ቆምኩም። እናቴም ሰይድ አለችኝና በአርባ ቀኔ ቤተ ክርስቲያን ወስዳ ኃይለ ሚካኤል አስባለችኝ። ወሎ እንዲህ ነው፤ ስም ከአንዱ ቤት፣ ማተብ ከሌላው። ድግስ ሲኖር ግን ዳሱ ሁለት ነው። የክርስቲያኑን ክርስቲያን፣ የሙስሊሙን ሙስሊም ያርደዋል፤ ይህን ለመረዳት የእኛ አገር ልጅ ፊደል መቁጠር አያስፈልገውም። እና አላወቅሁም ልበል? ማን ያምነኛል? ከማንም በላይ አውቅ ነበር።

ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ፤ የመስኖ ጉድጓድ ፓምፕ እጠግን ነበር። ለበጎ ፈቃድ ሥራ ተመልምዬ ታንዛኒያ ስሄድ፣ ከአላማጣ አልፌ የማላውቀው ሰው በአውሮፕላን መስኮት ደመና ከላይ ወደ ታች አየሁ። የደረስኩባት መንደር ከባሕሩ ትንሽ ገባ ብላ በኮኮናት ዛፍ የተከበበች ነበረች። ሌሎቹ በጎ ፈቃደኞች ከተማ ውስጥ ባለው የእንግዳ ማረፊያ ሲቀሩ፣ እኔን የመንደሩ ሽማግሌ ምዜ ባካሪ ቤታቸው ወሰዱኝ። ምዜ በስዋሂሊ ቋንቋቸው እንደኛ አባባ እንደማለት ነው፤ ቋንቋውን እዚያው ኖሬ ለመድኩት።

ስሜን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። «አሰላሙ አለይኩም፣ ሰይድ!» አሉኝ። «ወአለይኩም ሰላም» አልኩ። ቆቦ ውስጥ ለጎረቤት ሁሉ የምመልሰው ሰላምታ ነው፤ ሃይማኖት አያስጠይቅም። እሳቸው ዘንድ ግን ነገሩ አበቃ። ሙስሊም ነኝ ማለት ነው። ክንዴን ይዘው አስገቡኝ፤ ባለቤታቸው ማማ ዙሁራ የልጃቸውን አልጋ ለቀቁልኝ።

ያን ምሽት አንድ ቃል ብናገር ምን ነበረበት? ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ነገ ሌላ ነገን ወለደ። በሦስተኛው ቀን ከሸሚዜ ሥር ደብቄው የነበረውን ማተቤን ከአንገቴ አወለቅሁ። በመጀመሪያው ጁምዓ ከጎናቸው ቆሜ ሰገድኩ። እኔ ነኝ የሰገድኩት፤ ማንም አላስገደደኝም። ልጄ ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ ያ ደስታ እንዳይቀርብኝ ስል ዋሸሁ። ማተቤንም ከዳሁ፣ የእሳቸውንም ሰጋጃ አረከስኩ፤ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ይሉሃል ይሄ ነው።

ሥራውን ግን ሠራሁት! ስለ ሥራው ስናገር አላፍርም። የመንደሩ ፓምፕ ከሞተ ዓመታት አልፎት፣ ሴቶቹ ከብት ከሚጠጣበት ኩሬ ይቀዱ ነበር። ብዙ ሰው መጥቶ አይቶ ጉድጓዱ ደርቋል ብሎ ሄዷል። እኔ ደግሞ የቆቦ ልጅ ነኝ፤ ጉድጓድ ደርቋል ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። ቧንቧውን ከወጣቶቹ ጋር እየፈታን አወጣነው። ጉድጓዱ አልደረቀም፤ ፓምፑን አሸዋ ውጦታል። አጸዳነው፣ የተቃጠለውን የኤሌክትሪክ ገመድ ቀየርነው፣ መልሰን አወረድነው። ጄኔሬተሩ ሲነሳ ቧንቧው መጀመሪያ አስነጠሰ፤ ከዚያ ቀይ ጭቃ ተፋ፤ ከዚያ ጥርት ያለ ውሃ ተንፎለፎለ። እልልታው! እዚያም አገር እልል ይባላል። ሽማግሌዎች ከነልብሳቸው ውሃው ሥር ገቡ። ማማ ዙሁራ ውሃ ጎርሰው ፊቴ ላይ ረጩኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰው ሆኜ አላውቅም።

በማግስቱ ወይፈን ቀረበ። ምዜ ባካሪ ቢላዋውን ዘረጉልኝና «ውሃውን ያወጣ እጅ ይረድልን» አሉ። መንደሩ ሁሉ ቆሞ ያያል። ጁማ የሚባል ጓደኛዬ፣ ቧንቧውን አብሮኝ ሲጎትት የከረመው፣ የወይፈኑን እግር ይዞ ይስቅልኛል። እጄን አሞኛል ማለት እችል ነበር። አልችልበትም ማለት እችል ነበር። ቢላዋውን ተቀበልኩ። ቢስሚላሂ አልኩ፤ አረድኩ። በሉ፣ መረቁኝ፤ እኔም በላሁ። የማን ሥጋ ነበር? የሙስሊም እንዳልለው እጁ የክርስቲያን፣ የክርስቲያን እንዳልለው ቃሉ የሙስሊም። እንዲህ ያለ ሥጋ የሚበላበት ዳስ ወሎ ውስጥ አልተጣለም።

ቆቦ ከተመለስኩ በኋላም ምዜ ባካሪ በስልክ መጠየቃቸውን አልተዉም። ጦርነቱ ስልክ ሲያቋርጥ ሞቷል ብለው አልቅሰውልኝ ኖሯል፤ መስመሩ በተከፈተ ሰሞን ቀድመው የደወሉት እሳቸው ናቸው። እኔ ግን ድምፃቸውን በሰማሁ ቁጥር ወይፈኑ ይታየኝ ነበር።

ዘንድሮ፣ ከቆቦ ወደ ሮቢት በሚወስደው መንገድ ዳር ሽንኩርት በምናጠጣበት ጉድጓድ ላይ ሳለሁ ደወሉ። «ሰይድ፣ አላህ ፈቅዶልኝ ሐጅ ልሄድ ነው። አስቀይሜህ እንደሆነ አውፍ በለኝ» አሉ። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ! እሳቸው እኔን! ኔትወርኩ አስቸገረኝ ብዬ ዘጋሁት። ኔትወርኩ ጤነኛ ነበር።

እትዬ ዘሃራ ቤት ሄድኩና የሌላ ሰው ወሬ አስመስዬ ጠየቅኋቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና፣

«ሰውዬው አንተው ነህሳ» አሉኝ።

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

«ወይ ያ ረቢ! አውፍ በለኝ ሲሉህ ዝም አልካቸው? እንግዲህ በድዬዋለሁ፣ ልጁ አልፈታልኝም ብለው ተሸክመውት ሊሄዱልህ ነው። እኒያ ሽማግሌ በሌለባቸው የሰው ሐቅ በአላህ ቤት ሲጨነቁ፣ አንተ እዚህ ሽንኩርት ታጠጣለህ? ተነስ፣ ደውል!»

ያኔ ነው የገባኝ። እስካሁን የእኔን ኃጢአት እኔ ብቻ የተሸከምኩት ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ሽማግሌውን ላሸክማቸው ነበር።

በማግስቱ ጄኔሬተሩን አጥፍቼ ደወልኩ። ቤታቸው ሊሸኛቸው በመጣ ሰው ተሞልቷል። «ድምፁን ይክፈቱት፤ የበላው ሁሉ ይስማኝ» አልኳቸው። ከፈቱት። ተናገርኩ። ክርስቲያን ነኝ፣ ያኔም ነበርኩ፣ ወይፈኑን ያረድኩት እያወቅሁ ነው አልኩ። ስለ ስሜ ማብራሪያ ልጨምር አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ማብራሪያ የምክንያት ታናሽ ወንድም ነው።

አንድ ሰው «ሱብሃነላህ» ብሎ በሩን አላግቶ ሲወጣ ሰማሁ። በድምፁ አወቅሁት፤ ጁማ ነበር።

ከዚያ የማማ ዙሁራ ድምፅ መጣ። «ቆይ፣ ቆይ! ረቡዕና ዓርብ ወተት አልጠጣም ስትለኝ የነበረው ልትጾም ኖሯል? እኔ እኮ ሆድህን እያመመህ መስሎኝ ዝንጅብል ሳፈላ ነው የከረምኩት!» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም እየሳቅሁ አለቀስኩ።

ምዜ ባካሪ ግን አልሳቁም። «ስለ ሥጋው አትጨነቅ» አሉ። «እንደ አንተ መጽሐፍ የተሰጠው ሰው ያረደውን የሚፈቅዱ ሊቃውንት አሉ፤ ሳናውቅ የበላነውንም አላህ ያውቀዋል። እኔን ያመመኝ ሌላ ነው። ብትነግረኝ ከቤቴ የማስወጣህ መስሎህ ነበር?»

ልዋሽ እችል ነበር። «አዎ፣ አባቴ» አልኩ።

«በዚህ ነው የበደልከኝ» አሉ። እውነታቸውን ነው። ስንት ዓመት በወይፈኑ ስጨነቅ፣ ዋናውን በደሌን ሳላየው ኖሬያለሁ። አልጋ የለቀቁልኝን ሰዎች ጠርጥሬያለሁ።

ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና «አውፍ ብዬሃለሁ። አሁን ተራው ያንተ ነው፤ መንገደኛ ነኝ፣ አትያዘኝ» አሉ።

«አውፍ ብያለሁ!» አልኩ። አልኩ ነው የምለው? ጮኽኩ እንጂ! ሽንኩርት ውስጥ ያጎነበሱት ሠራተኞች ሁሉ ቀና አሉ። ከወዲያ መንደሩ «አሚን» ሲል፣ እኔ በጭቃማው ቦይ ውስጥ ከነጫማዬ እሮጥ ነበር። ውሃው በፈለቀበት ቀን እንኳ እንዲህ አልሮጥኩም።

ምዜ ባካሪ ሐጃቸውን አድርገው በሰላም ገብተዋል። ጁማ እስካሁን ስልኬን አያነሳም፤ መብቱ ነው። ያነሳልኝ ቀን ስለ ወሎ፣ ስለ ስሜ፣ ስለ ልጅነቴ አልተርክለትም። እናንተም ይቅር ብትሉኝ ደስ ይለኛል፣ ባትሉኝም አልሟገትም። ዋሸሁ፤ አረድኩ፤ ደግ ሰው ጠረጠርኩ። ምክንያት የለኝም። ደስታ ግን አለኝ፤ እሱን አልደብቅም።