የእሑዱ ድራማና የእህቴ ልጅ

ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሟል፤ አንድ እጁ ውጪ የተተከለው የቴሌቪዥኑ አንቴና ዘንግ ላይ ነው። ጎረቤታችን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። የእሷ ተከራይ፣ ወጣቱ አስተማሪ፣ በመስኮቱ በኩል በርጩማ ላይ። የእህቴ ልጅ ምንጣፉ ላይ፣ ከጎረቤታችን ሳህን ቆሎ እየዘገነች። እኔ ከሁሉም ኋላ ግድግዳውን ተደግፌያለሁ። ዛሬ የደም ግፊት ክኒኔን ሳነሣ በዕቃው ውስጥ ሲንሿሿ ያ ክፍል ከነሰዎቹ ይመጣብኛል።

ቂርቆስ ነው የምንኖረው። እህቴ ከሞተች በኋላ ልጇን እኔ አሳደግኳት። ኤች አይ ቪ ከእናቷ ወደ እሷ ተላልፎ ነበር። ይህን ከእኔና ከባለቤቴ በቀር ማንም አያውቅም ነበር፤ እሷም ጭምር። «የሳንባ መድኃኒት ነው» ብያት ነበር። ሰው እንዳያየኝ ራቅ ካለ ጤና ጣቢያ አመጣለሁ፤ የዕቃውን ወረቀት ልጬ እጥላለሁ። ሐኪሟ «ደርሳለች፤ ንገሪያት» ትለኛለች። እኔ ፈተናዋ ይለፍ እላለሁ። በር በተንኳኳ ቁጥር እደነግጥ ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የወጣቶች ድራማ ይታያል። ጎረቤታችን የራሷ ቴሌቪዥን እያላት ብቻዬን አይጥመኝም ብላ እኛ ጋ ትመጣለች። አስተማሪው ማብጠልጠል ይወድ ነበር።

«ተማሪ ናቸው ይሉናል? ጢማቸውን ተላጭተው የመጡ አባወራዎች እኮ ናቸው!»

«አንተ ደግሞ! ዝም ብለህ እይ፤ ያስተምራል» ትለዋለች ጎረቤታችን።

ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። በድራማው የልጆቹ ወሬ የሰፈራችን ልጆች ወሬ ነበር፤ «በቃ፣ ፋራ አትሁኚ» ሲባባሉ የእህቴ ልጅ በሳቅ ትፈርሳለች። እናቶቹ ግን እንደ ሰባኪ ይናገሩ ነበር። ሰው ሲያዝን ደግሞ ሁልጊዜ ዝናብ ይዘንባል።

ያን እሑድ ድራማው ውስጥ አዲስ ልጅ ገባች። ከፍራሿ ሥር ነጭ የፕላስቲክ ዕቃ አወጣች፤ ክኒኖቹ ተንሿሹ። ዕቃው ቁርጥ የእኛው ነበር። ባለቤቴን በዓይኔ ለመንኩት። ገባውና ዘንጉን ጠመዘዘው። ሥዕሉ ጠፋ፤ ድምፁ ግን ጥርት ብሎ ቀጠለ፤ የድራማዋ ልጅ እናት ትናገራለች።

«የሳንባ አይደለም፣ ልጄ። ኤች አይ ቪ ነው። ከእኔ ነው የተላለፈብሽ።»

«ኧረ አስተካክለው! ምን ነካህ?» አለች ጎረቤታችን። ቀጥላም፣ «ወይ ጉድ! ይህቺን ከሰው ልጅ ጋር ያበሏታል?»

«እትዬ፣ አብሮ በመብላት አይተላለፍም። ድራማው እሱን እኮ ነው የሚልዎት» አለ አስተማሪው።

«እሱ ይበል! እኔ ከሳህኔ አላስነካትም።»

የእህቴ ልጅ ወደ ሳህኑ የዘረጋችውን እጇን መለሰች።

«ብዪ እንጂ የኔ ቆንጆ፣ ምን ሆንሽ?» አለቻት ጎረቤታችን።

«ጠገብኩ።»

ዞር ብላ አየችኝ። «አክስቴ፣ የሳ...» አለችና ጎረቤታችንን አይታ ዋጠችው። ያን ጊዜ ማወቋን አወቅኩ። ለእኔ ብላ ዝም ማለቷንም።

ድራማ ቢሆን ትጮህ ነበር። ውጪ ፀሐይ ነበር። ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች።

«እትዬ፣ ያሳልፉኝ።»

ጎረቤታችን እግሯን ሰበሰበችላት። ልጅቷ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች።