ሽማግሌዎቹና ያልታወቀው ካርድ

ሽማግሌ ሆኜ የተላክሁት የጎረቤቴ ልጅ ስላመነኝ እንጂ ዕድሜዬ ደርሶ አልነበረም። ባለቤቴ ደርሷል ትላለች። ከመካኒሳ የተነሳነው ሦስት ነበርን፤ የእድራችን ሰብሳቢ፣ የልጁ የንስሐ አባትና እኔ። የልጅቷ አባት የሚኖሩት ሀና ማርያም ነው። ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ በሰዓት ቀልድ አያውቁም። ከዚህ በፊት ሌላ ሰው የላካቸው ሽማግሌዎች አርፍደው ቢመጡ ከበር መልሰዋቸዋል። ወሬ እንዳይሆን ከሁለት ሰው አጣርቻለሁ። የእኛ ቀጠሮ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አራት ሰዓት ነበር።

የነዳን ልጁ ራሱ ነው። ደንቡ ጠያቂው ከሽማግሌ ጋር እንዲሄድ አይፈቅድም፤ ስለዚህ እኛን በር ላይ አውርዶ ከአንድ ሱቅ ጀርባ ሊደበቅ ተስማማን። መኪናው የኤሌክትሪክ ነው። ሌሊቱን ሰፈራችን መብራት ስላልነበረው ሳይሞላ አድሯል። ለቡን ስናልፍ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት በራ፤ ልጁም የመኪናውን ማራገቢያ አጠፋ፣ ቀጥሎ ሬዲዮውን አጠፋ፣ ቀጥሎ ማውራት አቆመ።

ሀይሌ ጋርመንት አጠገብ ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ አገኘን። ልጁ ካርዱን ማሽኑ ላይ አስጠጋ። «ካርዱ አልታወቀም» የሚል ጽሑፍ ወጣ። በሸሚዙ ጠርጎ ደገመ። ሰብሳቢያችን ተቀብለው እፍ አሉበት። አባ በመስቀላቸው ባረኩት። አልታወቀም።

«የእነዚያ ካርድ ነው» አለ ጥበቃው ከወንበሩ ሳይነሳ። «እኛ የራሳችንን ብቻ ነው የምናነበው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣቢያ የከፈቱ ድርጅቶች አሉ፤ እያንዳንዱ የራሱ ካርድ አለው፤ የአንዱ ካርድ የሌላው ማሽን ላይ አይሠራም። ኤሌክትሪኩ ግን የሚመጣው ከአንድ ምሰሶ ነው። ከማሽኑ በላይ «አንድ ካርድ ለሁሉም!» የሚል ፖስተር ተለጥፏል። ከሥሩ በደቃቁ «በቅርቡ» ይላል። ፖስተሩን ፀሐይ አንጥቶታል።

«ጋዜጠኛው!» አሉ ሰብሳቢያችን ወደ እኔ ዞረው። «ካርዶቹ ሊገናኙ ነው ብለህ የጻፍከው አንተ አይደለህም እንዴ?»

«ሊገናኙ መሆኑን ነው የጻፍኩት። ተገናኙ አላልኩም።»

«ታዲያ ምን አይተህ ነው?»

«ሲፈራረሙ አይቻለሁ። ሲጨባበጡም፣ ኬክ ሲቆርሱም። ከኬኩ በኋላ የሆነውን አላየሁም።»

ለሁለቱም ድርጅቶች ደወልኩ። ካርዱን የሰጠው ድርጅት ችግሩ ማሽኑ ነው አለኝ። ማሽኑን የተከለው ድርጅት ችግሩ ካርዱ ነው አለኝ። ሁለቱም ስለደወልኩ አመሰገኑኝ። የሁለቱንም ወገን ሐሳብ ማካተት ሙያዬ ነውና እነሆ አካትቻለሁ።

በዚህ መሐል ከፊታችን አንድ ሚኒባስ ቆሟል። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ሀና ማርያም! ሀና ማርያም! ሦስት ሰው የቀረው!» ይላል። እኛ ሦስት ነን። ይህንን ለጓዶቼ አመለከትኩ።

«እኔ?» አሉ ሰብሳቢው። «ጋቢዬን ለብሼ፣ ከኋላ ወንበር ተጣጥፌ ሄጄ የሰው ልጅ ልጠይቅ? ልጁ ዘመድ የለውም እንዲሉ?»

«እውነት ነው፣ ለክብር አይሆንም» አሉ አባ።

«ጋሼ፣ በእናትዎ ግቡ፤ እኔ መኪናውን እዚህ...» አለ ልጁ።

«ዝም በል! በደንቡ አንተ እዚህ የለህም» አሉት ሰብሳቢው።

ሚኒባሱ ሄደ። ሌላ መጣ፤ እሱም ሀና ማርያም ይላል። ሰብሳቢያችን ግን ዓይናቸውን የጣሉት ወዲያ ጥግ ላይ ቆማ በምትሞላ መኪና ላይ ነው። ውስጧ አንዲት ሴት ሹፌር ቆሎ እየበላች ተቀምጣለች። ማሽኑ ካወቃት ካርዷ የዚህ ቤት ነው። ጋቢያቸውን አስተካከሉና ሄዱ። እኔና አባ ተከተልናቸው፤ መስኮቷ ፊት በተርታ ቆምን።

ሴትዮዋ አየችን። ጋቢ ለብሶ የተሰለፈ ሽማግሌ ምን ሊል እንደሚመጣ የማያውቅ የለም።

«አባቶቼ፣ እኔ አግብቻለሁ እኮ!» አለች።

«ይባርክልሽ። ለካርድሽ ነው የመጣነው» አሉ ሰብሳቢው።

«ለምኔ?»

«ልጃችን ጨዋ ነው። ካርድሽን ለልጃችን እንድትፈቅጂልን ልንጠይቅ...»

«ኸረ ግቡና ተቀመጡ፣ እግራችሁ አይቁም!»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

ነገሩን ስትረዳ ቆሎው ትን እስኪላት ሳቀች። ሆኖም አንድ እንቅፋት ነበር፤ ካርዱ የተመዘገበው በባሏ ስልክ ስለሆነ ክፍያውን የሚያጸድቀው እሱ ነው። ባልየው ለሥራ አዳማ ሄዷል። ድምፁን ከፍ አድርጋ ደወለችለት።

«ስማ፣ ሽማግሌዎች መጥተውብኛል።»

«ምን? ማን ነው የላካቸው?»

«ለካርድ ነው ባክህ።»

«ለምን ካርድ? በእሑድ ምድር ምን ጉድ ነው? ስንት ናቸው?»

«ሦስት። አንዱ ቄስ ናቸው።»

«ቄስ ካሉበትማ ፍቀጂላቸው» አለ።

ማሽኑ አረንጓዴ አበራ። ልጁ ሂሳቡን ወዲያው በስልኩ ላከላት። እስኪሞላ ስንጠብቅ ብዙ ሚኒባስ ወደ ሀና ማርያም አለፈ፤ ማናችንም ቀና ብለን አላየንም።

የልጅቷ ቤት የደረስነው አርፍደን ነው። ልጁ ፊቱ አመድ መስሎ ከሱቁ ጀርባ ገባ። አባትየው የግቢውን በር ይዘው ቆመዋል፤ አልከፈቱትም፣ አልዘጉትም።

«አራት ሰዓት ነበር ያልነው።»

ሰብሳቢያችን ስለ መንገድ መዘጋጋት መናገር ሲጀምሩ አቋረጥኳቸው። መንገዱ አልተዘጋም ነበር። «ቻርጅ አልቆብን ነው» አልኩ። «ሀይሌ ጋርመንት ያለው ማሽን ካርዳችንን አላውቅም አለን።»

ሰውየው በሩን ለቀቁት። ከኋላቸው ግቢው ውስጥ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ቆማለች። ከወጥ ቤቱ መስኮት የወጣ ገመድ ተሰክቶባታል።

«የልጁ ካርድ የየትኛው ድርጅት ነው?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ሃይማኖቱን እንኳ ሳይጠይቁ?» ብለው ሰብሳቢው በጆሮዬ አንሾካሾኩ።

ድርጅቱን ነገርኳቸው። አባትየው ፊታቸው በራ። እሳቸው የያዙት የሀይሌ ጋርመንቱን ካርድ ነው፤ ቤታቸው አጠገብ የተከፈተው ጣቢያ ደግሞ የልጁ ካርድ የሚሠራበት። ጎረቤት ሁሉ እዚያ ሲሞላ እሳቸው ከወጥ ቤት ገመድ ይስባሉ። መኪናዋ ስትሞላ ባለቤታቸው ምድጃ መለኮስ አይችሉም፤ ቆጣሪው ይወድቃል።

«ልጁ የት ነው?»

«በደንቡ እዚህ የለም» አሉ አባ።

«ከሱቁ ጀርባ ነው» አልኩ።

ያስጠሩታል ብዬ ስጠብቅ ራሳቸው ሄደው ከሱቁ ጀርባ አወጡት። ገመዱን ነቅለው፣ ልጁን ከጎናቸው አስቀምጠው ወደ ሰፈራቸው ጣቢያ ሄዱ። እኛ ሳሎን ገባን። የልጅቷ እናት ተቀመጡ አሉን። ጉዳያችን ሳይሰማ እንደማንቀመጥ አስረዳናቸው። እሳቸውም ይሁን ብለው ምድጃቸውን ሊለኩሱ ሄዱ። ቆመን ቆየን። አባ አንዱን እግራቸውን አሳርፈው በሌላው ይቆሙ ነበር።

ሲመለሱ የአባትየውን መኪና ቁልፍ የያዘው ልጁ ነበር። አመዱ ከፊቱ ጠፍቷል። ሰብሳቢያችን ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ፣ «ዛሬ በደጅዎ የቆምነው...» ብለው ጀመሩ።

«እሱን ከልጁ ጋር ጨርሰናል። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ተቀመጡ» አሉ አባትየው።

«ሳንጠይቅ?»

«ተፈቅዷል አልኩ እኮ!»

«ስንት ቀን የተለማመድኩት ንግግር ነው» አሉ ሰብሳቢው፤ አልተቀመጡም። ከመጀመሪያው አንስተው እስከ መጨረሻው ተናገሩት። ሁላችንም ቆመን ሰማን። ልጅቷ ከጓዳው በር ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትስቅ ነበር።