የእትዬ ዘነቡ ባልዲ

ከኮንዶሚኒየማችን ፊት ለፊት የሚያልፈው የከተማ ባቡር ባፏጨ ቁጥር፣ አክስቴ እትዬ ዘነቡ ባልዲ አንጠልጥለው ሲሮጡ ይታዩኛል።

እትዬ የኖሩት በረሃ ላይ፣ ሐዲድ ዳር በበቀለች ትንሽ ከተማ ነበር። እዚያ ውሃ የሚመጣው በባቡር ነው፤ ፉጨቱ ሲሰማ ሰው ሁሉ ባልዲውን ይዞ ይወጣል። በደርግ ጊዜ ባቡሩ ሳይቆም ማለፍ ጀመረ። ሰዉ በውሃ ጥም እየለቀቀ ሄደ፤ እሳቸውም አዲስ አበባ፣ ልደታ እኛ ቤት መጡ።

አንድ እሑድ ጠዋት የቀበሌው ጥበቃ ለስብሰባ ፊሽካ ነፋ። እትዬ ባልዲያቸውን አንስተው እየሮጡ ወጡ። ለስብሰባ የወጣው ጎረቤት በሳቅ ፈረሰ። እናቴ ደርሳ ክንዳቸውን ያዘች።

«እትዬ፣ እዚህ እኮ ቧንቧ አለ።»

«ቧንቧማ አያፏጭም፤ መምጣቱን በምን ልወቅ?» አሉ። ባዶውን ባልዲ አቅፈው ቀጠሉ፦ «ባቡሩ ለምን አይቆምልንም ብለን ጣቢያ ሹሙን ብንጠይቀው፣ ‹ለማን ይቁም? ሰው የለም› አለን። እኛ ታዲያ ምን ነበርን?»

እናቴ ባልዲውን ተቀብላ ወደ ቤት አስገባቻቸው።

ዛሬ የኮንዶሚኒየማችን ቧንቧ ከደረቀ ሰንብቷል። ባቡሩ አሁንም አፏጭቶ አለፈ። እኔም ባልዲ ይዤ በረንዳ ላይ ቆሜያለሁ።