በገባችበት ቀን የወጣች በሽተኛ

ከገዳሪፍ የተነሳሁት ማክሰኞ ማለዳ ነው። ጉዳዬ አንድ ነበር። ካርቱም የምትኖረው ታላቅ እህቴ የሺ ለውፍረቷ ጨጓራዋን በቀዶ ሕክምና ልታስቀንስ ነው፤ ሐኪም ቤቱ ደግሞ ቤቷ አብሯት የሚያድር ዘመድ ከሌለ አልቀበልሽም ብሏታል። ጊዜው ከጦርነቱ በፊት ነው፣ ካርቱም ገና ሰላም ሳለች።

«ጠዋት ገብቼ፣ ወደ ማታ ቤቴ ነኝ ኢንሻአላህ» አለችኝ በስልክ።

«በዚያው ቀን?»

«በዚያው ቀን። እንዳትቀር፣ ያላ።»

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። አንድ ሱሪ ወገቡ እንዲጠብብ ሲመጣልኝ እንኳ «ነገ ተመለስ» ነው የምለው። የሰው ጨጓራ አጥብበው በዚያው ቀን የሚያስረክቡ ሰዎች ምን አጣደፋቸው?

ከዚያ የባሰው የከፋይዋ ነገር ነበር። የሺ ካፉሪ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር፣ አንድ ቪላ ውስጥ ምግብ አብሳይ ናት። ወጪውን የምትችለው የቤቱ እመቤት ናት። በሱዳን ስንኖር ኩላሊታቸው ስለተወሰደባቸው ሐበሾች ያልሰማነው ወሬ የለም። የትኛው እውነት፣ የትኛው ፈጠራ እንደሆነ ለይቼ አላውቅም፤ ግን አውቶቡሱ ሳይነሳ ጀምሮ ከአእምሮዬ ያልወጣው ይኸው ሐሳብ ነበር።

ሚስቴ ስትሸኘኝ «ዓይንህን ከእሷ ላይ እንዳትነቅል» አለችኝ። ምክሩ ባያስፈልገኝም ተቀበልኩ።

መንገድ ላይ

ከገዳሪፍ ወጥቶ መንገዱ ሜዳ ነው። ማሽላው ታጭዶ ቃርሚያው ብቻ ቀርቷል፤ ግመሎች በየማሳው ተበትነው ይለቃቅማሉ። ሁለት ቦታ ወታደሮች አስቁመው ወረቀት አዩ። ወረቀቴ የተሟላ ነው፤ ቢሆንም ወታደር በገለጠው ቁጥር ላቤ ይመጣል።

ወድ መደኒ ለቁርስ ወረድን። ፉልና ዳቦ በላሁ፤ ሻይዋ ስኳሯ ብዙ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ሱዳናዊ ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ። ለማላውቀው ሰው ጉዳዬን አልናገርምና «ለሠርግ» አልኳቸው። ሽማግሌው ደስ ብሏቸው የሠርግ ስጦታ ይሁን ብለው የሻዬን ከፈሉ። አፈርኩ። ግን እውነቱን አልነገርኳቸውም።

ከመደኒ በኋላ ቦዩና የጥጥ እርሻው ግራና ቀኝ አብሮን ሄደ። ካርቱም የገባነው ከቀትር በኋላ ነው።

ሐጅ ዩሱፍ

ከመናኸሪያው በሚኒባስ መሐል ከተማ ሱቅ ዐረቢ፣ ከዚያ በሌላ ሚኒባስ ዓባይን ተሻግሬ ሐጅ ዩሱፍ፣ በመጨረሻ በርክሻ እስከ እህቴ ግቢ። ርክሻ ባለ ሦስት እግሯ ባጃጅ ናት፤ አቧራውን ለብሼ ደረስኩ።

የሺ ግድግዳ ተደግፋ ነው የተነሳችልኝ። ስኳር በሽታው አድክሟታል፣ ጉልበቷ አብጧል። ለሁለት ዓመት ሳላያት እንዲህ መሆኗ አንጀቴን በላው። ርኅራኄዬ ግን አፌን አልዘጋውም።

«እታለም፣ ሴትዮዋ ለምንድን ነው የምትከፍልልሽ? ደመወዝ ጨምሪልኝ ስትያት አልሰማ ያለች ሰው?»

«ራሷም እዚያው ነው ያሠራችው። ሐኪሙ ስኳሩም ይቀልልሻል ብሎኛል። ደግሞ እኔ ከተኛሁ ማን ያበስልላታል? አንተ ወንድም አይደለህም፣ ፖሊስ ነህ ወላሂ።»

የሺ በአንድ ግቢ የምትኖረው ከሐዋ ጋር ነው። ሐዋ የወሎ ልጅ ናት፤ ሰው ቤት በተመላላሽ ትሠራለች። የግቢውን ደንብ ያስረዳችኝ እሷ ናት። የማይታወቅ ሰው በር አንኳኩቶ ሐበሻ በስሙ ከጠየቀ መልሱ አንድ ነው፦ «ማፊ»፤ የለም ማለት ነው። ወረቀት የሌለውን የሚያፍስ ፖሊስ ይሁን ደላላ፣ ማን ያውቃል?

«ሁላችንም እንዲሁ ነን። የፈለገ ሰው ቢጠይቅ፣ ማፊ፣ ኸላስ!» አለችኝ።

ደንቡን ወደድኩት። በካርቱም ከሰማሁት ሁሉ ልቤን ያሳረፈው ይኸው ብቻ ነበር።

ረቡዕ፣ ሐኪም ቤት

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ደረስን። ሕንፃው ንጹሕ ነው፣ ወለሉ ያንሸራትታል፤ እኔን ግን ንጽሕናውም አላማረኝም። የሺን በተሽከርካሪ አልጋ ይዘዋት ሲገቡ፣ ከኋላ በኩል ሌላ መውጫ በር ይኖር እንደሆነ ዞሬ አየሁ። አንድ አለ። እዚያው ፊት ለፊት ቆሜ ጠበቅኩ።

ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ነቅታለች ተባልኩ። ከቀትር በኋላ ኢማን የምትባል ነርስ ደግፋ ኮሪደሩ ላይ አራመደቻት፣ ውኃ በትንሽ በትንሹ አስጎነጨቻት። ቁስሉን ካላየሁ አልኩ። ሆዷ ላይ አምስት ትንንሽ ፕላስተር ብቻ።

«ኩላሊቷስ?» አልኩ በዐረብኛ።

ኢማን አልሳቀችም። ሄዳ የተቆረጠውን ጨጓራ በዕቃ ይዛ መጣች። አየሁት። ጨጓራ ይሁን ሌላ እኔ በምን አውቃለሁ?

«ከበረታች ቤቷ ይሻላታል» አለችኝ። «ግን የምንልካት አንተን አምነን ነው። ምግብ የለም፤ ውኃ በትንሽ በትንሹ። ልቧ ቶሎ ቶሎ ከመታ፣ ውኃው አልረጋ ካላት፣ ካላባት፣ ወዲያውኑ ደውል። እኛም ዛሬ ማታና ነገ ጠዋት እንደውላለን። ስልኩን አንሳ፣ ያ አኺ፣ ወንድሜ። በዚያው ቀን የምንልካት ስልኩን ተማምነን ነው።»

የነርስን ሥራ ለልብስ ሰፊ አስረክበው ክፍያውን እነሱ ይወስዳሉ አልኩ በልቤ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በታክሲ ወጣን። ማታ አንድ ሰዓት ገደማ እውነትም ተደወለ፤ የሺ ራሷ አነሳች። ደህና ነኝ አለች። ከዚያ ግን ሰፈሩን፣ በየትኛው መታጠፊያ እንደሆነ ስትናገር ሰማኋት። ቤቷን ለምን ፈለጉት? ስልኩን ከእጇ ተቀብዬ አጠፋሁት። እንድታርፍ ነው አልኳት። አመነችኝ።

ሐሙስ ጠዋት

ሲነጋ ፊቷ አመድ መስሏል። ግንባሯ በላብ ርሷል። የጎነጨችውን ውኃ መለሰችው።

«ልቤ ይመታል» አለችኝ።

ኢማን የነገረችኝ አንድ በአንድ ፊቴ ነበር፤ እኔ ግን ረሃብ ነው አልኩ። ሁለት ቀን ያልበላ ሰው ልቡ ቢመታ ምን ይገርማል? ሐዋ ቀጠን ያለ አጥሚት እንድትሠራላት ልነግራት ስወጣ በሩ ተንኳኳ።

«የሺ የምትባል ሐበሻ እዚህ አለች?» አለ የሴት ድምፅ።

ድምፁን አወቅኩት። እውነቱን ልጻፍ፣ ወዲያው አወቅኩት። በቆርቆሮው በር ቀዳዳ አየሁ፤ ኢማን ናት፣ ከኋላዋ ነጭ መኪናና አንድ ወንድ። የቀረውን ሊወስዱ መጡ አልኩ። ሐዋ በዓይኗ ጠየቀችኝ። እንዳትከፍት ራሴን ነቀነቅኩ።

«ማፊ» አለች ሐዋ።

«ማፊ» አልኩ እኔም።

የእግር ኮቴዋ ራቀ። ከቤት ውስጥ የሺ ጠራችኝ።

«ማን ነው?»

«ማንም።»

«ኢማን አይደለችም? ስልኬ የታለ?» ግድግዳውን ይዛ እስከ ደጃፉ መጣች። «ጥራት!»

«እታለም፣ እነዚህ ሰዎች...»

«ሁለቱንም ኩላሊቴን ይውሰዱት! ጥራት አልኩህ!»

ይህን ብላ እንደ ቆመች ቁልቁል ተንሸራትታ ተቀመጠች። ዓይኗ ሲከደን አየሁ።

ሐዋ ደግፋ ያዘቻት፤ እኔ በባዶ እግሬ ወጣሁ። መኪናው ቆሟል፣ ኢማን ግን የለችም። በርክሻዎቹ መሐል «አለች! አለች!» እያልኩ ሮጥኩ፤ ለማንም በማይገባ አማርኛ መጮኼን እንኳ አላወቅኩም። ጥግ ላይ ካለው ሱቅ ከባለ ሱቁ ጋር ስታወራ አገኘኋት። ምንም አልጠየቀችኝም። እየሮጠች መጥታ የየሺን ክንድ ያዘች፣ ሰዓቷን አየች፣ ሾፌሩን በስሙ ጠራች።

ውስጥ ውስጡን እየደማች ነበር። እንደገና ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብታ ደሙ ቆመላት። ከክንዴ ደም ሲቀዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ሐኪሙ «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ» ብሎ ቀሪውን ተወው።

ወደ ማታ ኢማንን ኮሪደሩ ላይ አገኘኋት።

«ስልኩ ዝግ ሲሆንብን ነው የመጣነው» አለችኝ።

«በሩ ላይ አውቄሽ ነበር» አልኳት። መናገር ነበረብኝ።

«እኔም አውቄህ ነበር። በቀዳዳው ዓይንህን አየሁት። ባለ ሱቁ ጋ የሄድኩት አንተ የምታምነው ሰው ካለ ብዬ ነው።»

እጇን ልስም ጎንበስ ስል «ማሊሽ፣ ግድ የለም» ብላ እጇን ወሰደች።

መመለሻ

የሺ ሦስት ቀን ተኛች። ስትወጣ ስልኩን ትራሷ ላይ አድርጌ፣ በተደወለ ቁጥር ሁለት ጊዜ ሳይጮኽ አነሳሁ። ሐዋ እረፍት ወስዳ ከእሷ ጋር ስትቀመጥ፣ እኔ በሳምንቱ ማክሰኞ ተሳፈርኩ። ቲኬቱ በሳምንት ውስጥ ዋጋው ጨምሯል።

መጠርጠርን ተውኩ ብል ውሸት ነው። ይህን ሁሉ ዓመት በሰው አገር ያቆየኝ እሱ ነው፤ ሐዋንም እንደዚያው። የሐጅ ዩሱፍን ደንብም አልኮንንም። ግን በዚያ በር ጀርባ ቆሜ የጠበቅኩት እህቴን አልነበረም፤ ያልኩት እንዳይፈርስብኝ ነበር። ምልክቱን ሁሉ አይቼ ረሃብ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን በማንም ላይ ላላክከው አልችልም።

ገዳሪፍ ስደርስ ጀንበር ልትጠልቅ ነበር። ሚስቴ ቦርሳዬን ሳትቀበለኝ በሩ ላይ ጠየቀችኝ።

«ምን አደረጓት?»

«እነሱስ አዳኗት» አልኳት። «ልገድላት የነበረው እኔ ነኝ።»

ቀልድ መስሏት ሳቀች። እንደገና ነገርኳት።